እርጅና ነው ተብላ የተመለሰች እናት

ግልጽ ደብዳቤ ከሀቢቾ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልላዊ መንግሥት
ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ

ጉዳዩ፦ ስለ እርጅና የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ሐዘን ነገር ያስረዝማልና ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። አገራችን ሰው ሲያረጅ አካሉና አእምሮው ምን እንደሚሆን፣ ሲታመም በሽታው እንዴት እንደሚለይ፣ የሚያስታምመው ቤተሰብም እንዴት እንደሚደገፍ በከፍተኛ ደረጃ የሚማሩበት ቦታ ያስፈልጋታል። ሌላው ዓለም ይህን ትምህርት ጄሮንቶሎጂ፣ የሕክምናውን ክፍል ደግሞ ጄሪያትሪክስ ይለዋል። እኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አልቆመም። በዚህ ምክንያት ሰው ይሞታል። ይህን የምጽፈው የእናቴ ለቅሶ ድንኳን ከግቢያችን በተነሣ ሰሞን ነው።

እናቴ ዕድሜዋን በውል አታውቅም ነበር፤ ሰማንያ አልፏታል እያልን እንገምታለን። እስከ መጨረሻዋ ክረምት ድረስ በጓሮው እንሰት መካከል እየዞረች የትኛው ለመፋቅ እንደደረሰ፣ የትኛውን በሽታ እንደነካው ታሳየን ነበር። የዕድሩን ሒሳብ በቃሏ ትይዛለች፤ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረበት ሳትሳሳት ትናገራለች። ከዚያ በአንድ ሌሊት ሰው ጠፋባት። የሞተ ወንድሟን ትጠራለች፤ እኔን አታውቀኝም፤ ቀን ታንቀላፋለች፤ ሌሊት ተነሥታ «ልሂድ» ትላለች። ትኩሳት አልነበራትም። ምግብ እምቢ አለች።

ወደ ሕክምና ወሰድናት። የተቋሙን ስም አልጽፍም፤ የተሰጠን መልስ በየትኛውም ከተማ ሊሰጥ የሚችል ነውና። አንድ ወጣት ሐኪም በትሕትና ተቀበለን። ዕድሜዋን ጠየቀ፣ የደም ግፊቷን ለካ፣ ከዚያም «እማማ እርጅና ነው። ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው» አለን። ሽንቷ አልተመረመረም። ሳንባዋ አልተደመጠም። የምትውጠው መድኃኒት ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። «ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» ያለም አልነበረም። ይዘናት ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሣችም። ዳሌዋ ላይ ቁስል ወጣ፤ ቁስሉ ሰፋ፤ ሞተች።

ውጭ አገር በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ «እግዜር ያጥናችሁ» ልትል ደወለች። ዶክተር አይደለችም፤ አጭር ሥልጠና ወስዳ አረጋውያንን የምታጥብ፣ የምታበላ፣ በአልጋቸው ላይ የምታገላብጥ ሠራተኛ ናት። የእናቴን ሕመም ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በድንገት ነው የጀመራት?» ብላ ነው። አዎ ስላት አለቀሰች። እሷ በምትሠራበት ቤት አንድ አረጋዊ በድንገት መቃዠት ከጀመረ ያ እንደ አደጋ ይቆጠራል፤ ነርስ ይጠራል፤ ሽንትና ደም ይመረመራል፤ የመድኃኒቱ ዝርዝር እንደገና ይታያል።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህ ዓይነቱ ድንገተኛ መቃዠት በሕክምና ዴሊሪየም ይባላል። ዓመታት እየወሰደ ቀስ በቀስ ከሚመጣው የመርሳት በሽታ የተለየ ነው። ከበስተጀርባው ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ነገር አለ፤ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ መድረቅ፣ ያልተስማማ መድኃኒት። ያረጀ ሰውነት ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ይህን ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ነው። እናቴን ምን እንደገደላት ዛሬም አላውቅም፤ የፈለገ አልነበረምና።

ያን ወጣት ሐኪም አልከስም። ሕፃን ቢያቀርቡለት ኖሮ ክብደቱን ይለካል፣ ክትባቱን ይጠይቃል፣ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ተምሯልና። የሕፃናት ሕክምና በአገራችን የራሱ ስፔሻሊስቶች፣ የራሱ ዋርድና የራሱ መምህራን ያሉት ሙያ ነው። ስለ አረጋዊት እናት ምን ያህል ሰዓት ተማረ? ያላስተማራችሁትን ከእሱ መጠበቅ ግፍ ይሆናል። የምከሰው የሥርዓተ ትምህርቱን ባዶ ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

ክቡራን፣

«እርጅና ነው» የሚለውን መልስ ሌሎች አገሮችም ሲሰጡት ኖረዋል። መልሱን የቀየረው እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማርጆሪ ዋረን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በለንደን አቅራቢያ በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ቀድሞ የድሆች መጠለያ የነበረ ክፍል ተረከበች። 714 ሰዎች ተኝተውበታል። ብዙዎቹ ያረጁ፣ ዓመታት ከአልጋ ያልወረዱ፣ ተስፋ የተቆረጠባቸው ነበሩ። ዋረን እያንዳንዱን ሰው አንድ በአንድ መረመረች። የሚታከመውን ከማይታከመው ለየች፤ አልጋ ላይ በመኖር ብዛት የተሳሰሩትን እግሮች እንዲንቀሳቀሱ አደረገች፤ መብራቱን አሻሻለች፤ ተራማጆች የሚይዙት መደገፊያ አስተከለች። ለዘለዓለም ተኝተዋል የተባሉ ሰዎች ቆመው ሄዱ፤ ብዙዎችም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሕመምተኞቹ እነዚያው ነበሩ፣ አልጋዎቹም እነዚያው። የብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና መሠረቱን ያገኘው ከዚያ ሥራ ነው፤ በ1965 ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ፕሮፌሰር ሾመ።

አሜሪካውያን ደግሞ እርጅና የሐኪም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ተገነዘቡ። የማኅበራዊ ኑሮ፣ የሥነ ልቡና፣ የኢኮኖሚና የቤት አሠራር ጉዳይም ነውና በ1960ዎቹ መጨረሻ የማስተርስ ፕሮግራሞች ጀመሩ። በ1975 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጄምስ ቢረን መሪነት ለጄሮንቶሎጂ ብቻ የቆመ ትምህርት ቤት ከፈተ። በቶኪዮ ኦበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ2002 የጃፓንን የመጀመሪያ የጄሮንቶሎጂ ድኅረ ምረቃ ጀመረ። በ2003 የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተጋግዘው አንድ የጋራ ማስተርስ አቋቋሙ።

እነዚህ ሀብታሞች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ ሕንድን እንይ። ሕንድ ዛሬም የሕፃናትና የእናቶች ሞት የሚያሳስባት አገር ናት፤ የማድራስ ሜዲካል ኮሌጅ ግን በ1996 በአረጋውያን ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን ጀምሯል። ከአህጉራችን ናይጄሪያን እንይ። በ2012 በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል የአረጋውያን ማዕከል ተከፍቷል፤ ቶኒ አኔኒህ የተባሉ ፖለቲከኛ አሠርተው የሰጡት ነው። ትንሿ ማልታ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የቆመ ዓለም አቀፍ የእርጅና ተቋም አላት። ዋና ሥራው ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። በሩ የተከፈተው እንደ እኛ ላለ አገር ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። ምክንያቱን ሀዲያና ከምባታን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ልጆቻችን እዚያ ናቸው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከየገጠር ቀበሌው ወጣቱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ እያለ ሄዷል፤ በመንገድ የቀረም አለ። የደረሰው በየሰፈሩ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። በዚያ ሱቅ ከሚገዙት መካከል የመንግሥት የእርጅና ድጎማ ተቀብለው የሚመጡ አሮጊቶች አሉ። ደቡብ አፍሪካ ለአረጋውያን ጡረታ መክፈል የጀመረችው በ1928 ነው፤ ጥቁሮችን ያካተተችው በ1944 ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በአልበርቲናና ዋልተር ሲሱሉ ስም የተሰየመ፣ እርጅናን በአፍሪካ የሚያጠና ተቋም አለው። ልጆቻችን የሰው አገር አረጋዊ ጡረታና ሐኪም ሲያገኝ እያዩ ይውላሉ። ማታ ወደ ቤት ይደውላሉ፤ እዚህ ስልኩን የምታነሣው ብቻዋን የቀረች እናት ናት።

ሴት ልጆቻችን ደግሞ በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ የሰውን እናት ያጥባሉ፣ የሰውን አባት ያበላሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከመሄዳቸው በፊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ ደንግጓል። ስለዚህ በቤት አያያዝና በእንክብካቤ ይሠለጥናሉ። የሌላ አገር አረጋዊ የሚንከባከበውን እናሠለጥናለን፤ የራሳችንን አረጋዊ የሚያክመውን ግን አላሠለጠንንም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

«አረጋዊን መጦር ባህላችን ነው፤ ቤተሰብ ያለበት አገር ይህ ትምህርት አያስፈልገውም» የሚል አሳብ እሰማለሁ። ባህሉ እውነት ነው። በሀዲያ ያለ ሽማግሌ ምርቃት የዘመን መለወጫው ያሆዴ አይከበርም፤ ያለ ሽማግሌ ደም አይደርቅም። ነገር ግን የሚጦረው ልጅ ጆሃንስበርግ ነው። ገንዘብ ይልካል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ተሠርቷል። የተላከ ገንዘብ ግን ከአልጋ ያልተነሣችን እናት በሁለት በሁለት ሰዓት አያገላብጥም። ያለው ቤተሰብም ቢሆን ፍቅር አላነሰውም፤ እናቴን ጎረቤቶቿ በፈረቃ አስታመዋታል። አንድ ሰው ቀርቦ «እንዲህ አገላብጧት፣ ይህን ያህል ውኃ በየሰዓቱ ስጧት፣ ይህን ምልክት ስታዩ ቶሎ አምጧት» ቢላቸው ያደርጉት ነበር። በአዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የተባለ መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን አረጋውያን ሳይ ሕዝባችን ርኅራኄ እንዳልጎደለው አምናለሁ። ርኅራኄው መምህር አጥቷል።

«ሕዝባችን ወጣት ነው» የሚል ክርክርም አለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ አምስት ያህል ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ከመቶ አምስት ማለት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ጡረታ የለውም። ደግሞም የእናንተ ሥራ ፍሬ አፍርቷል። ከሦስት ዐሥርታት በፊት በኢትዮጵያ የተወለደ ሕፃን በአማካይ ሃምሳ ዓመት ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ይጠበቃል። ክትባቱ፣ የወባ መከላከሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ይህን ዕድሜ ሰጠን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ስትጀምሩ 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ለእናቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአፍላ ወጣቶች፣ ለመጸዳጃ ቤት ሳይቀር ቦታ ነበረው። ለአረጋዊ የተለየ ፓኬጅ አልነበረውም። ዕድሜውን ሰጥታችሁ በዕድሜው ማብቂያ ላይ ያለውን ሰው መተው አይገባም።

በወረቀትማ ቃል ገብታችኋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚሠራ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ወጥቶ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል በጥር 2008 ዓ.ም. የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። የተባበሩት መንግሥታትም ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያሉትን ዓመታት የጤናማ እርጅና ዐሥርት ብለውታል። እነዚህን ቃላት ወደ አልጋው አጠገብ የሚያደርሳቸው የሠለጠነ ሰው ነው። ያ ሰው በሌለበት አዋጁ ሀቢቾ አይደርስም።

«መምህር ከየት ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲከፈት በማስተርስ ጀመረ፤ ከውጭ የመጡ መምህራን አገዙት፤ ብዙም ሳይቆይ ዶክትሬት ጨመረ። ዛሬ የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቃን በየዩኒቨርሲቲው ያስተምራሉ። ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በጥቂት ዓመታት ያሠለጠነች አገር ለእርጅና ዐሥር መምህራን ማፍራት አያቅታትም። እንሰት ተክሎ በዓመቱ የሚፍቅ ገበሬ የለም፤ ግን ዘንድሮ ያልተከለ ከዓመታት በኋላ ምንም እንደማይኖረው ሁላችንም እናውቃለን።

መምህሩን ከውጭ ማስመጣት ቢቻልም እውቀቱን ሁሉ ተሸክሞ ማምጣት አይቻልም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዓለም በስፋት የሚሠራበት ሚኒ ሜንታል የሚባል የአእምሮ መመዘኛ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ያለህበትን ፎቅ ይጠይቃል፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር ይላል፤ ዓረፍተ ነገር አንብብና ጻፍ ይላል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በዚህ መመዘኛ ጤነኛ ሳለች እንኳ ትወድቅ ነበር። የዕድሩን ሒሳብ በቃሏ የምትይዝ ሴት የአእምሮ ሕመምተኛ ተብላ ትመዘገብ ነበር ማለት ነው። በሀዲይሳና በከምባትኛ፣ ላልተማረች የእንሰት አገር አሮጊት የሚሆን መመዘኛ ማን ይሥራ? ልጆቹ የተሰደዱበት አረጋዊ እንዴት እንደሚኖር ማን ያጥና? ይህ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሥራ ነው፤ ከዚህ ሕዝብ መካከል የወጣና ቋንቋውን የሚሰማ ተማሪ ሥራ።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ የምጠይቀውን በግልጽ አስቀምጣለሁ።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆይ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ስትጀምር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ማስተማሪያ ሆስፒታልህ የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። የሀዲያ ልጅ የሆነችው እሌኒ በዕድሜዋ ማምሻ፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ፣ አገር አስተዳድራለች፤ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥም መልእክተኛ ልካለች። የእርጅናን ክብር የሚያስተምር ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ነርሱን፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያውን፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያውንና የሥነ ልቡና ባለሙያውን በአንድ ክፍል የሚያገናኝ ማስተርስ ክፈት፤ የተግባር ልምምዱን በገጠር ቀበሌ አድርግ። ጥቂት መምህራንን ወደ ማልታና ወደ ኬፕታውን ላክ።

ትምህርት ሚኒስቴር ፕሮግራሙን እንዲፈቅድና በጀት እንዲይዝለት፣ በቅድመ ምረቃም የሕክምና፣ የነርስና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ሁሉ ስለ አረጋዊ የተወሰነ ኮርስ ሳይወስድ እንዳይመረቅ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ጤና ሚኒስቴር የአረጋውያን ሕክምናን በስፔሻሊቲ ደረጃ እንዲያቋቁም እጠይቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማስታወስን፣ እንቅስቃሴን፣ አመጋገብን፣ ዓይንን፣ ጆሮንና ድባቴን በቀበሌ ደረጃ መከታተል እንደሚቻል አሳይቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ይህን ይሠልጥኑ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያንን በየቀበሌው እንዲመዘግብና ቤት ለቤት የሚጎበኝ ባለሙያ እንዲመድብ እጠይቃለሁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ክልላችን ለምሩቃኑ በየሆስፒታሉ የሥራ መደብ ይክፈት፤ መደብ ካልተከፈተ እነሱም ተከትለው ይሰደዳሉ። በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ያቆማችሁ ወንድሞቼም የኢባዳንን ማዕከል አስቡ፤ በእናቶቻችሁ ስም አንድ የአረጋውያን ክፍል ሠርታችሁ ለዩኒቨርሲቲው መስጠት ትችላላችሁ።

በሚመጣው መስከረም ተማሪ ከተቀበላችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይመረቃሉ። ለእናቴ የሚደርስ ነገር የለም። ዛሬ በሀቢቾ፣ በዶዮገና፣ በዱራሜ በደጃቸው ተቀምጠው ልጅ የሚጠብቁ ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፤ ስማቸውን ልዘረዝርላችሁ እችላለሁ። ነገ አንዷ በድንገት ሰው ሲጠፋባት ይዘዋት የሚመጡት እናንተ ወዳሠለጠናችሁት ሰው ነው። ያ ሰው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ የእናንተ ሥልጣን ነው፤ አለማድረጉም የእናንተ ውሳኔ ሆኖ ይቆጠራል። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሟች ልጅ
ሀቢቾ፣ ሀዲያ ዞን